የተሽከርካሪ ቤት የጋዝ ምድጃ፤ መጠገን ወይስ መለወጥ?

ለዕቃ ሻጮችና ለአስመጪዎች የሚጠቅም የሸቀጥ ዕውቀት

አንድ ዕቃ ተበላሸ ተብሎ ወደ ሱቅ በተመለሰ ቁጥር ሦስት ወገኖች ይጐዳሉ። ገዢው ገንዘቡንና ጊዜውን፥ ሻጩ ትርፉንና መልካም ስሙን፥ ሠሪው ፋብሪካ ደግሞ ገበያውን ያጣል። ጉዳቱ ይበልጥ የሚከፋው ግን ተበላሸ የተባለው ዕቃ ሲመረመር አንዳች ጉድለት ያልነበረበት ሆኖ ሲገኝ ነው። በሰሜን አሜሪካ በተሽከርካሪ ቤቶች ውስጥ የሚገጠመው አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ለዚህ ዓይነቱ ኪሣራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ተሽከርካሪ ቤት የሚባለው፥ አሜሪካኖች በአጭሩ «አር ቪ» የሚሉት፥ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በሌላ መኪና የሚጐተት፥ መኝታ፥ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ያለው የመንገደኛ ቤት ነው። የዚህ ኢንዱስትሪ ዋና ማዕከል በኢንዲያና ግዛት የምትገኘው የኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ናት። በማዕድ ቤቱ ውስጥ የሚገጠመው ምድጃ ከላይ ድስት የሚጣድባቸው ብዙ ጊዜ ሦስት በርነሮች፥ ከሥር ደግሞ ዳቦና ሥጋ የሚጋገርበት በር ያለው መጋገሪያ፥ ማለት ኦቨን፥ አለው። የሚነድበትም ፕሮፔን የተባለው ጋዝ ከውጭ ከተቀመጠ ሲሊንደር በቧንቧ ይመጣለታል።

ከዚህ ምድጃ ክፍሎች ሁሉ ብዙ ስሞታ የሚቀርብበት ኦቨኑ ነው። አንዳንዱ ባለቤት «አልነድ አለኝ» ይላል፤ ሌላው «ነዶ ወዲያው ይጠፋል» ይላል፤ ሦስተኛው «ከሥር ያሳርራል፥ ከላይ ጥሬ ያስቀራል» ብሎ ያማርራል። የብዙዎቹም የመጀመሪያ አሳብ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መግዛት ነው። አዲስ ምድጃ በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው መለዋወጫ ግን ከጥቂት አሥር ዶላሮች አይበልጥም። ከዚያም አልፎ፥ ጥፋቱ ከምድጃው ውጭ የሆነ እንደ ሆነ አዲሱም ምድጃ እንደ አሮጌው አልነድ ይላል። ስለዚህ ከመለወጥ በፊት መመርመር ለገዢም ለሻጭም ይበጃል።

የምድጃው ጠባይና አሠራሩ

የተሽከርካሪ ቤት ኦቨን በመኖሪያ ቤት ከሚታወቀው ጋር ሲነጻጸር ትንሽና አቅሙም አነስተኛ ነው። የመኖሪያ ቤት የጋዝ ኦቨን ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ16 ሺህ እስከ 18 ሺህ ቢ.ቲ.ዩ. የሚደርስ ሙቀት የሚሰጥ በርነር ሲኖረው፥ የተሽከርካሪው ቤት ኦቨን የሚሰጠው ወደ 7 ሺህ ቢ.ቲ.ዩ. ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ለመሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ባለቤት በ10 ደቂቃ ውስጥ ዳቦውን አስገብቶ፥ አልበስል ሲለው ዕቃውን ይከሳል። ሻጩ በሽያጩ ቀን «ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል አስቀድመው ያሙቁት» ብሎ ቢነግረው ኖሮ ብዙው ስሞታ ባልመጣ ነበር።

የአቀጣጠሉም ሥርዓት የተለየ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ በመጀመሪያ የሚለኮሰው ፓይለት የተባለው ነበልባል ነው፤ ይኸውም ዋናውን በርነር የሚያቀጣጥል ትንሽ መለኮሻ እሳት ነው። ከፓይለቱ አጠገብ ቴርሞኮፕል የሚባል ቀጭን ዘንግ ይገኛል። ቴርሞኮፕል ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ጫፋቸው ተገናኝቶ የተሠራ ሲሆን፥ ነበልባሉ ሲያግለው ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት የሚደርስ እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል ያመነጫል። ይህ ኀይል የደኅንነት ቫልቩን ከፍቶ ይይዛል። ነበልባሉ ከጠፋ ዘንጉ ይቀዘቅዛል፥ ኀይሉ ይቋረጣል፥ ቫልቩም ይዘጋል። ስለዚህ ያልነደደ ጋዝ ወደ ቤቱ እንዳይፈስ የሚጠብቀው ዘበኛ ይኸው ዘንግ ነው።

በአንዳንድ ሞዴሎች፥ በተለይም በቆዩት፥ ሌላ ዘዴ ይገኛል። የሙቀቱ ቁልፍ ወደ ቁጥሩ ሲዞር ፓይለቱ ራሱ ከፍ ይልና የደኅንነት ቫልቩን ዘንግ ያሞቃል፤ ዘንጉ በሚገባ ከጋለ በኋላ ዋናው በርነር ጋዝ ያገኛል። ይህ እስኪሆን እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ ሊቆይ ስለሚችል፥ ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ተበላሽቷል ብሎ መልሶ ያጠፋዋል። ከእነዚህ ከቆዩት በአንዳንዶቹ ዘንግ ውስጥ ሜርኩሪ የተባለው መርዛም ፈሳሽ ብረት ስለሚገኝ፥ የወለቀውን ዘንግ መስበርም ሆነ ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል አይገባም።

ሦስተኛው ክፍል ቴርሞስታት ነው። ይህ የኦቨኑን ሙቀት እየለካ ጋዙን የሚቀንስና የሚጨምር መቆጣጠሪያ ሲሆን፥ ከቁልፉ ተነሥቶ ወደ ኦቨኑ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ መለኪያው ይገኛል።

ምርመራው ከሲሊንደሩ ይጀመራል

ልምድ ያላቸው ጠጋኞች የሚከተሉት ሥርዓት ከምንጩ ተነሥቶ ወደ እሳቱ መሄድ ነው። የመጀመሪያውም ጥያቄ «ከላይ ያሉት በርነሮች እንዴት ይነዳሉ?» የሚል ነው። እነርሱ በሰማያዊና በጠንካራ ነበልባል የሚነዱ ከሆነ ጋዙ በደኅና ደርሷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ በኦቨኑ ውስጥ ይፈለጋል። እነርሱም የሚያንቀላፉ ከሆነ ግን ኦቨኑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከምድጃው በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻዋን ብዙ አላስፈላጊ ግዢ ታስቀራለች።

ሁሉም እሳት ሲደክም በቅድሚያ የሚታየው ሲሊንደሩ ባዶ አለመሆኑ ነው። ቀጥሎም የአከፋፈቱ ነገር ይመጣል። በአሜሪካ በሚሠራባቸው የሲሊንደር ማገናኛዎች ውስጥ፥ ቱቦ ቢበጠስ ጋዙ እንዳይፈስ ፍሰቱን የሚያፍን መከላከያ አለ። ባለቤቱ የሲሊንደሩን ቫልቭ በድንገት ቢከፍተው፥ ወይም አንድ የምድጃ ቁልፍ ክፍት ሆኖ ሳለ ቢከፍተው፥ መከላከያው ቱቦ የተበጠሰ መስሎት ጋዙን እጅግ ያሳንሰዋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ሁሉንም ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት፥ ከዚያም ቫልቩን በዝግታ መክፈት ነው።

ከሲሊንደሩ ቀጥሎ ሬጉሌተሩ አለ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ከፍተኛ ስለሆነና እንደ አየሩ ሙቀትም ስለሚለዋወጥ፥ ሬጉሌተሩ ዝቅ አድርጎ አንድ ልክ ላይ ያቆየዋል። በሰሜን አሜሪካ ተሽከርካሪ ቤቶች ይህ ልክ 11 ኢንች የውሃ ዓምድ፥ ማለት 27.4 ሚሊባር ያህል ነው። ግፊቱ ከዚህ ሲያንስ ፓይለቱ ይቀጭጫል፥ ቴርሞኮፕሉን ለማጋል አቅም ያጣል፥ ኦቨኑም ነዶ ይጠፋል። ሲበዛም ነበልባሉ ከበርነሩ ተነሥቶ ይጮኻል፥ ጥላሸትም ያበጃል። ትክክለኛው መመርመሪያ ማኖሜትር የተባለው የግፊት መለኪያ ሲሆን፥ ልኬቱ የሚወሰደው ሌሎች ዕቃዎች እየነደዱ ሳለ ነው።

ማኖሜትር የሌለው ሰውም አንድ ምልክት ማየት ይችላል። ከላይ ያለውን አንድ በርነር አንድዶ የውሃ ማሞቂያውና የቤቱ ማሞቂያ ሲነሡ ነበልባሉን ይመልከት። ነበልባሉ በጣም ከወደቀ ሬጉሌተሩ ወይም ቱቦው ያጠራጥራል። ሬጉሌተሩ የሚተነፍስበት አነስተኛ ቀዳዳ አለው፤ ይህ ቀዳዳ በጭቃ፥ በነፍሳት ጎጆ ወይም በበረዶ ሲደፈን ግፊቱ ይዛባል። ስለዚህም ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይና ሬጉሌተሩ ከመንገድ እድፍ እንዲከለል ይደረጋል።

የብርድም ነገር አይረሳም። ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ስለሆነ በክረምትም ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ቡቴን ግን የሚፈላው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውርጭ ሲመጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ቡቴን በሚሸጥባቸው የአውሮፓ አገሮች «ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፥ ምድጃው ግን አይነድም» የሚል ስሞታ በክረምት ሲሰማ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ፓይለቱ ሲያስቸግር

የላይኞቹ በርነሮች በደኅና እየነደዱ ኦቨኑ ብቻ እንቢ ካለ፥ ምርመራው ወደ ፓይለቱ ይሄዳል። ፓይለቱ ፈጽሞ የማይነድ ከሆነ የጋዝ ማውጫ ቀዳዳው ሳይደፈን አይቀርም። ተሽከርካሪ ቤት በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይነዳ የሚቆም ስለሆነ፥ ሸረሪቶችና ሌሎች ነፍሳት በጋዝ ማውጫዎችና በአየር ማስገቢያዎች ውስጥ ድር ያደራሉ፥ ጎጆም ይሠራሉ። ይህም በለስላሳ ብሩሽና በአየር ግፊት ይጠረጋል። በመርፌ ወይም በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የሰፋም ቀዳዳ ከልክ በላይ ጋዝ ስለሚያወጣ ከተደፈነው የባሰ ይሆናል።

ረዥም ጊዜ በቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ ቧንቧው አየር ይሞላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለኮሳ በፊት ከላይ ያለውን አንድ በርነር አንድዶ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ ይገባል።

ፓይለቱ ነዶ ቁልፉ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቴርሞኮፕሉ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፥ ባለቤቱ ቁልፉን ተጭኖ የያዘው መመሪያው የሚያዘውን ያህል ጊዜ ነውን? ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ የዘንጉ ጫፍ በነበልባሉ ውስጥ ነውን? የመንገድ መንቀጥቀጥ ዘንጉን ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችላል። ሦስተኛ፥ ጫፉ ጥላሸት ለብሷልን? ሦስቱም ደኅና ከሆኑ ቴርሞኮፕሉ ይለወጣል። ዋጋው አነስተኛ፥ ሥራውም አጭር ነው።

እዚህ ላይ አጥብቆ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ቴርሞኮፕሉ ሲያስቸግረው የደኅንነት ቫልቩን በግድ ከፍቶ ለማሰር ይሞክራል። ይህ ዘበኛውን አስሮ በሩን ለሌባ እንደ መክፈት ያለ ሥራ ነው። የፕሮፔን ጋዝ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ ተንኖ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ይተኛል። የተሽከርካሪ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው። አንዲት የእሳት ፍንጣቂ ብቻ ቤቱንም በውስጡ የተኛውንም ሰው ታጠፋለች።

አንዳንዴም ፓይለቱን የሚያጠፋው ነፋስ ነው። መስኮቶች ሁሉ ተዘግተው የጣሪያው ማራገቢያ አየር በኀይል ሲስብ፥ የሚተካ አየር ስለሌለ ነበልባሉ ይናወጣል። መስኮት በጥቂቱ መክፈት ለነበልባሉም ለሰውም ይጠቅማል።

ሙቀቱ ሲዛባ

ኦቨኑ እየነደደ የሚያሳርር ወይም የማያበስል ከሆነ፥ የመጀመሪያው ሥራ ራሱን የቻለ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝቶ መሐል ላይ ማስቀመጥ ነው። ቁልፉን በ350 ዲግሪ ፋራናይት፥ ማለት በ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ቁጥሩን ማንበብ ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ባለቤቱ ቁልፉን በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ የቴርሞስታቱ መለኪያ ጫፍ ይታያል። ይህ ጫፍ ከመያዣው ወልቆ የኦቨኑን ግድግዳ ቢነካ ወይም ቅባት ቢጋገርበት የተሳሳተ ሙቀት ይለካል። ወደ ቦታው መመለስና ማጽዳት ያለ አንዳች ወጪ ያድነዋል። ቱቦው የተቀጠፈ ወይም የተሰበረ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ በሙሉ ይለወጣል።

ከሥር ማሳረር ከአሠራሩ የሚመጣ ጠባይ ነው። በርነሩ አንድ ሲሆን መሐል ላይ ከብረት ሽፋን በታች ስለሚነድ፥ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ይከማቻል። ብዙ ባለቤቶች ያገኙት መፍትሔ ጠፍጣፋ የመጋገሪያ ድንጋይ ወይም ያልተለበጠ የሸክላ ሰሌዳ ከመጋገሪያው በታች ማኖር ነው። ድንጋዩ ሙቀቱን ውጦ በእኩልነት ያሰራጫል። ድንጋዩ ግን የግድግዳውን ዙሪያ ክፍት መተው አለበት፤ የአየሩን መተላለፊያ ከዘጋ እሳቱ በሚገባ አይነድም። የበሩም ማጠፊያ ጠሞ እንዳይሆን መታየት አለበት፤ በማይገጥም በር ሙቀቱ ይወጣል።

የነበልባሉም ቀለም ብዙ ይናገራል። ደኅናው ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ ጥላሸት የሚያወጣ ነበልባል አየር እንዳነሰው ያሳያል፤ እንደዚህ ያለው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በተሽከርካሪ ቤት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድና የፕሮፔን ማስጠንቀቂያ ደወሎች በሥራ ላይ መሆናቸውን መፈተሽ የምርመራው ክፍል ነው። ኦቨኑን አንድዶ በሩን ከፍቶ ቤቱን ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ጋዝ የሸተተ እንደ ሆነ ምርመራው ይቆማል። እሳት ሁሉ ይጠፋል፥ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አይነካም፥ ሰው ሁሉ ይወጣል፥ የሲሊንደሩም ቫልቭ ከውጭ ይዘጋል። ከጥገና በኋላ ማገናኛዎች የሚፈተሹት በሳሙና ውሃ ነው፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ያፈሳል። በክብሪት መፈተሽ የሞት ሥራ ነው። የጋዝ ቧንቧ፥ ሬጉሌተርና ቴርሞስታት መለወጥ ሥራው ለተማረ ጠጋኝ እንጂ ለማንም አይሰጥም።

መለወጥ ግድ ሲሆን

የኦቨኑ ግድግዳ በዝገት የተበሳ፥ ቫልቮቹ የሚያፈሱ፥ ወይም መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ እንደ ሆነ መጠገን ይቀርና መለወጥ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሻጭና ገዢ በብዛት የሚሳሳቱት በልኩ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ የተለመዱት የተሽከርካሪ ቤት ምድጃዎች በቁመት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ወደ 17 ኢንች፥ ሁለተኛው ወደ 22 ኢንች፥ ማለት በግምት 43 እና 56 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ነገር ግን የሚለካው የምድጃው ፊት ብቻ አይደለም። ምድጃው የሚገባበት የእንጨቱ ክፍት ቦታ በወርድ፥ በቁመትና በጥልቀት ይለካል፤ የጋዙ ቧንቧ የሚገባበትም ጎን ይታያል።

የፋብሪካ ስም ብቻ ይዞ መለዋወጫ መፈለግም ያሳስታል። በዚህ ንግድ ብዙ ስሞች ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል። አትውድ የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የስዊድኑ ዶሜቲክ ገዝቶታል። ፉሪዮን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሊፐርት ተዛውሯል። በቴኔሲ ግዛት በዴይተን ከተማ የተመሠረተው ሰበርባን የሚገኝበትን ኤርኤክሰልን ደግሞ በዚያው በ2021 ቶር ኢንዱስትሪስ ገዝቶታል። ስለዚህ በአሮጌው ምድጃ ላይ የተጻፈው ስም በዛሬው የዋጋ ዝርዝር ላይ ላይገኝ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ በምድጃው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ የሞዴሉንና የተራውን ቁጥር ገልብጦ በዚያ ማዘዝ ነው።

ለመኖሪያ ቤት የተሠራን ምድጃ በርካሽ አግኝቶ በተሽከርካሪ ውስጥ መግጠም ቁጠባ አይደለም። ለተሽከርካሪ የተሠራው የመንገድ መንቀጥቀጥን እንዲችልና በእንጨት መሐል በጠባብ ቦታ እንዲቆም ተፈትኖ የተፈቀደ ነው። የመኖሪያው ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ዓይነት ጋዝና ለሌላ ግፊት የተዘጋጀ ነው። በአሜሪካ የተሽከርካሪ ቤቶች የደኅንነት ደንብ የሚገኘው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 1192 በተባለው መመዘኛ ውስጥ ነው።

ጋዙን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ኦቨን ለመዛወር የሚያስብ ገዢም ስሌቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። 1,500 ዋት የሚፈጅ ኦቨን በ12 ቮልት ባትሪ ቢነዳ፥ በመለወጫው የሚባክነው ሳይቆጠር፥ 125 አምፔር ይስባል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ አኳኋን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። በአንጻሩ 20 ፓውንድ፥ ማለት 9 ኪሎ ግራም ያህል ፕሮፔን የያዘ አንድ ሲሊንደር በሰዓት 7 ሺህ ቢ.ቲ.ዩ. የሚፈጀውን ኦቨን ያለ ማቋረጥ ወደ 60 ሰዓት ያነደዋል። ስለዚህ ዘወትር የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ሰፈር ለሚያድር መንገደኛ ኤሌክትሪክ ይስማማዋል፤ በዱርና በበረሃ ለሚያድር ግን ጋዙ ይሻለዋል። ሻጩ ይህን ሳይጠይቅ ውዱን ዕቃ ቢሸጥለት፥ ዕቃው በወሩ ተመልሶ ይመጣበታል።

ባለሱቅ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉ፥ ሕመሙ በትክክል ያልተነገረ ዕቃም አይድንም። ስለዚህ ደንበኛው «ምድጃዬ ተበላሽቷል» ብሎ ሲመጣ ሻጩ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይበጃል።

1. የላይኞቹ በርነሮችና ሌሎቹ የጋዝ ዕቃዎች በደኅና ይነዳሉን?
2. ሲሊንደሩ መቼ ተሞላ? ቫልቩስ እንዴት ተከፈተ?
3. ተሽከርካሪው ሳይነዳ ለስንት ጊዜ ቆመ?
4. ፓይለቱ ይነዳልን? የሚጠፋውስ ቁልፉ ሲለቀቅ ነው ወይስ ቆይቶ?
5. የነበልባሉ ቀለም ምን ይመስላል?
6. በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር፥ የጋዙ ዓይነትና ግፊቱ ምንድን ነው?
7. ጥፋቱ የታየው ተሽከርካሪው በየት አገርና በምን ያህል ከፍታ ላይ ሳለ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በኮሎራዶ ተራሮች የሚጓዝ መንገደኛ ከፍታውን ሳያውቅ ምድጃውን ሲወቅስ ይገኛል። አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ፥ በባሕር ጠረፍ በደኅና ይነድ የነበረው በርነር ለተራራው አየር ጋዙ ይበዛበታል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ደንብ፥ ከ2,000 ጫማ በላይ ባለ ቦታ የጋዝ ዕቃ አቅም ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ1,000 ጫማው በ4 በመቶ እንዲቀነስ የሚያዝ ነው። በ1,609 ሜትር ላይ ለምትገኘው ለዴንቨር ከተማ ቅናሹ ወደ 21 በመቶ ይደርሳል።

ለኢትዮጵያ አስመጪዎች

ተሽከርካሪ ቤት በኢትዮጵያ የተለመደ ሸቀጥ ባይሆንም የጋዝ ምድጃ ግን በየሱቁ ይሸጣል። ከላይ የተነገረውም ስሌት በቀጥታ ይመለከታል። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ በዚያው ደንብ ቢሰላ ቅናሹ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ለባሕር ጠረፍ አገር የተዘጋጀ በርነር በዚህ ከፍታ ነበልባሉ ቢጫ ቢሆንና ድስት ቢያጠቁር የሚያስደንቅ አይደለም። አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ የሚሸጥበትን ከፍታ ለፋብሪካው ጽፎ፥ ለዚያ የሚስማማ የጋዝ ማውጫ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል።

የጋዙም ዓይነት እንዲሁ ነው። በአውሮፓ በብዙ አገሮች ቡቴን ከ28 እስከ 30 ሚሊባር፥ ፕሮፔን 37 ሚሊባር፥ በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ 20 ሚሊባር ግፊት ይሠራባቸዋል። ፕሮፔን በይዘት ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ሙቀት አለው። ስለዚህ ለተፈጥሮ ጋዝ የተበሳ ማውጫ በሲሊንደር ጋዝ ቢነዳ ነበልባሉ ከልክ ያልፋል፥ አደጋም ያመጣል። በርካሽ የተገኘ ምድጃ ሰሌዳው ሳይነበብ መርከብ ላይ ቢጫን፥ የተቆጠበው ገንዘብ በተመላሽ ዕቃ ይጠፋል።

እንግዲህ ከመቶ ምድጃ ጋር ጥቂት ደርዘን ቴርሞኮፕል፥ የበርነር ማውጫና ቁልፍ፥ እንዲሁም ለምድጃው ግፊት የተስማማ ሬጉሌተር ማዘዝ የአስመጪው የመጀመሪያ ጥንቃቄ ሊሆን ይገባል። የእነዚህ ጠቅላላ ዋጋ ከምድጃዎቹ ዋጋ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው። ባለሱቁም መለዋወጫውን በመደርደሪያው፥ ሰባቱን ጥያቄዎች በአንደበቱ ካኖረ፥ ደንበኛው የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው፤ አዲስ ምድጃ መግዛት ግድ በሆነበትም ቀን ሌላ ሱቅ አይፈልግም።